ነጥብ የሌለው ተራራ

እናቴ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ቻይናዊ ሠዓሊ ነበሩ፤ ሲያትል ውስጥ ጃክሰን መንገድ አጠገብ ካለ የአዛውንቶች አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እኔ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት የገባሁት በዚያው ሰሞን፣ ከሚሌኒየማችን ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቤታችን ከከተማው ርቆ ማውንትሌክ ቴራስ ስለሆነና መኪናችን አንድ ስለሆነች፣ ከክፍል ስወጣ በአውቶቡስ ጃክሰን ሄጄ የእናቴ ሥራ እስኪያልቅ እሳቸው ቤት እጠብቃታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወድ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሳቸው ዘንድ ያደረሰኝ የመኪና ጉዳይ ነው።

ወደ ሰባ እየተጠጉ ነው። ቀጭን ናቸው፤ ቤት ውስጥም ከነኮፍያቸው ነው የሚቀመጡት። ሁላችንም የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእናቴም የሳቸውም እንግሊዝኛ ለዕለት ጉዳይ ብቻ የሚበቃ ነበር። እናቴ «አባባ» ትላቸዋለች። «አባባ፣ ኢት! ሾርባው ቀዘቀዘ!» ብላ ስትቆጣ እንደ ትንሽ ልጅ ማንኪያውን ያነሳሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ንግግራችንን እንደዚያው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የቻይና ቀለም በጠርሙስ የሚሸጥ ይመስለኝ ነበር። የሳቸው ግን እንደ ሳሙና ቁራጭ የደረቀ ጥቁር ነገር ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡና ቁራጩን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ውሃው ጠቁሮ እስኪወፍር ድረስ ክብ ክብ እያደረጉ ይፈጩታል። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ቀና ስል እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ተነስቼ ጠረግኩ። ከዚያ ሳልጠየቅ ቁራጩን ከእጃቸው ተቀብዬ መፍጨት ጀመርኩ። ሳልጠየቅ መርዳት ልማዴ ነው፤ እናቴ «አሽቃባጭ» እያለች ትቀልድብኛለች።

«ቀስ» አሉኝ። «የሚያባርርሽ የለም።»

እናቴ ከኩሽና ሆና በአማርኛ፦ «ይገርማል! ኮሌጅ ልኬያት ወፍጮ ቤት ገባች!» አለች።

«ምን አለች?» አሉ።

«ጎበዝ ነሽ እያለችኝ ነው» አልኳቸው።

ቀለም እየፈጨሁ ሲሥሉ ማየት ጀመርኩ። የሚሥሉት ተራራ ነው። ሌላ ነገር ሲሥሉ አላየሁም። አንድ ቀን ተራራው ይረዝማል፣ ሌላ ቀን ይሰፋል፣ አንዳንዴ ከሥሩ የአንድ ሰው ጎጆ ይቀመጣል፣ ግን ያው ተራራ ነው። አሣሣላቸውን ለመግለጽ ልሞክር። መጀመሪያ አናቱን ይሥላሉ፣ ቀጥለው ግርጌውን። መካከሉን አይነኩትም። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሲያልቅ ያ ነጭ ቦታ ጉም ይሆናል። አለቱን የሚሥሉት ብሩሹን በጎኑ አስተኝተው፣ ቀለሙን ቀነስ አድርገው፣ ሳብ እያደረጉ ነው፤ እንጨት በመጥረቢያ ሲፈለጥ የሚተወውን ሸካራ ፊት ይመስላል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ ምት ይበልጥ አምሮላቸዋል። መንቀጥቀጡ ራሱ አለት ይሆናል። ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ይህን «የእርጅና ዘመን ዘይቤ» እያሉ እንደሚያደንቁት ያወቅኩት በኋላ ነው።

መጨረሻ የሚመጣው ነጥብ ነው። አለቱ ከደረቀ በኋላ በየሸንተረሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ይደረጋሉ። ከሩቅ ሲታዩ ቁጥቋጦም ናቸው፣ የድንጋይ ሽበትም ናቸው፣ የሩቅ ዛፍም ናቸው። «ያለ ነጥብ ተራራው መላጣ ነው» ይሉ ነበር። ነጥብ ደግሞ አንድ ጊዜ ነው። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ አለቀ። ወረቀቱ ቀለም ይጠጣል፤ ካመነታሽ ይሰፋል፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ጭራ ያወጣል። አይጠፋም፣ አይታረምም። እዚህ ላይ ነው እጃቸው የከዳቸው። በዚያ መስከረም ከጠረጴዛው ሥር ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ተራሮች ተጠቅልለው አየሁ፤ ሁሉም ያልተነጠቡ።

አንድ ቀን ብሩሹን ሰጡኝና ከግሮሰሪ በነፃ የሚመጣውን የማስታወቂያ ወረቀት ዘረጉልኝ። የዶሮና የብርቱካን ፎቶ ያለበት ነው። «በዶሮዋ ላይ ነጥብ አድርጊ» አሉ። አደረግኩ። «ወፍራም። ድገሚ።» ደገምኩ። ከመስከረም እስከ ገና ድረስ በዶሮ፣ በብርቱካን፣ በሳሙና ላይ ነጥብ ሳደርግ ከረምኩ። ቤትም ስገባ የእናቴን የመብራት ደረሰኝ ፖስታ ሳይቀር ነጥቤበታለሁ። «ይቺ ልጅ ኩፍኝ ይዟታል!» ትላለች እናቴ።

ከገና በኋላ እውነተኛው ወረቀት ላይ እንድነጥብ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። በየሸንተረሩ ያሉትን ነጥቦች ጨርሼ ሳየው፣ መካከሉ ነጭ ሆኖ ባዶ መሰለኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ሦስት ነጥብ ጨመርኩበት። እሳቸው ሲያዩት ወረቀቱን አንስተው ሁለት ቦታ ቀደዱት። ስንት ቀን የተደከመበት ሥራ ነበር። ማልቀስ ስጀምር ፒር የሚባለውን ፍሬ አንድ ልጠው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቆራርጠው ሰጡኝ።

«ጉም ላይ ቁጥቋጦ አይበቅልም» አሉ። «ባዶ ነው ብለሽ ነው? ባዶ አይደለም። ተራራው እዚያ አለ። ሲያትል ውስጥ እየኖርሽ ይሄ እንዴት ይጠፋሻል?»

እውነትም ይጠፋኛል አይባልም። እዚህ ሰዎች ሰማዩ ሲጠራ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ይባባላሉ፤ በቀረው ጊዜ ትልቁ ተራራ ከደመናው ጀርባ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጩን ቦታ ነክቼው አላውቅም።

እስከ መጋቢት ድረስ አሥራ አንድ ተራራ ነጠብኩ። እሳቸው በሸንተረሩ ላይ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «እዚህ ሦስት። እዚህ ሁለት፣ አንዱ ቀጠን ይበል» ይሉኛል። በኋላ ማሳየቱንም ተዉት፤ እኔ ስነጥብ እሳቸው በመስኮት ይመለከታሉ። ስጨርስ ማኅተማቸውን ቀይ ቀለም አስነክተው ከታች በግራ በኩል ይመቱታል። አንድ ጊዜ አንዱን ሥዕል አቅርበው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «የእኔ ናቸው» አሉ፣ ነጥቦቹን። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን በመኪና ስንመለስ ለእናቴ አሥር ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት።

በዚያው ወር የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሥዕሎቻቸውን በአዳራሹ ለማሳየት ጠየቃቸው። አንድ ትልቅ ሥዕል ደግሞ ለዘለቄታው ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲሠሩ። አጋጣሚው አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም በመክፈቻው ቀን ሠዓሊውን በሕዝብ ፊት የምታነጋግራቸው የእኔ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሪ ነበረች። ለክፍላችንም የዓመቱን ዋና ጽሑፍ ሰጥታን ነበር፦ የአንድ የአካባቢያችን ሠዓሊ ዘይቤና ትቶት የሚያልፈው ነገር። እኔ የመረጥኩት እሳቸውን ነው። ስለ ነጥቦቹ ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። የሳቸው ጉዳይ ስለሆነ እሳቸው ይናገሩት ብዬ ነው።

ራሳቸው አነሱት። «መክፈቻው ቀን አጠገቤ ትቀመጫለሽ» አሉኝ። «ሰው እያየ ቀለም ትፈጫለሽ። ከዚያ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ተማሪዬ ናት ብዬ።»

እናቴ ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቼሪ መንገድ ላይ ሱቅ ላላት ጓደኛዋ ያኔውኑ ኮል አደረገች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። «ቻይናው ልጅሽን ወራሽ አደረጋት አሉ?» ይሏታል። እናቴም ከቻይናው ተማሪ እስከ ቻይናው ወራሽ ያለውን ርቀት ለማስተካከል አልቸኮለችም።

መክፈቻው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቴ የሀገር ልብሴን ተኩሳ አለበሰችኝ፤ «ቀለም ይነካዋል» ብላት፣ «ይንካው፣ ማስረጃ ነው» አለች። ሃምሳ የሚሆን ሰው መጥቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ከእኔ አሥራ አንድ ተራሮች ሰባቱ ነበሩ። እያንዳንዱን ነጥብ አውቀዋለሁ። እሳቸው በወንበር፣ እኔ አጠገባቸው በዝቅተኛ በርጩማ፣ ድንጋዩ ፊቴ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ። እናቴና ጓደኛዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። እፈጫለሁ።

አስተማሪዬ ብዙ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። የቻይናን ተራራና የሲያትልን ጉም እንዴት እንዳጋቡ ጠየቀቻቸው፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ አንዱ ሥዕል ዞር ብላ፣ «የመስመሩ መንቀጥቀጥ ይታያል። ነጥቦቹ ግን አይንቀጠቀጡም። እንዲያውም ከቀድሞ ሥራዎችዎ ይልቅ እርግጠኛ ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ?» አለች።

መፍጨቴን አቆምኩ።

«ልምድ ነው» አሉ።

ቆይ፣ ቀስ እያሉ ነው አልኩ በልቤ።

«ይህን አሣሣል ማን ይቀጥለዋል? ተማሪዎች አሉዎት?»

እጆቻቸውን ተመለከቱ። «የለኝም» አሉ። «ወረቀቴን ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም።»

አስተማሪዬ ወደ እኔ እያመለከተች በፈገግታ፣ «ይህችስ ወጣት?» አለች።

«የተንከባካቢዬ ልጅ ናት። ቀለም ትፈጭልኛለች። ጥሩ ልጅ ናት።»

ሰዉ አጨበጨበልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ፈገግ አልኩ። ከበርጩማው ብድግ ብዬ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩ። ሌላውን ሁሉ ልረሳው እችል ይሆናል፤ ያቺን ፈገግታ ግን እስካሁን ፊቴ ላይ ትሰማኛለች።

የእናቴ ጓደኛ እንግሊዝኛው አምልጧት፣ «ምን አለ? ተናገረ? ወራሼ አለ?» ስትል ከሦስተኛው ረድፍ ተሰማ።

«ዝም በይ» አለች እናቴ።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ ጓደኛዋ ሁኔታው ገብቷታል፤ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም። «ሶ፣ አጠገቡ ተቀምጣ እያለች ነው የካዳት? ዶሮ እንኳን ሳይጮህ!» አለች። እናቴ አልሳቀችም። ቼሪ ላይ ስታወርዳት ጓደኛዋ በመስኮቱ አጎንብሳ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ፦ «የኔ ቆንጆ፣ ቀለም መፍጨትም እኮ ሥራ ነው።»

ደግነቷ ነበር ያስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ቤት መሄድ ተውኩ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ በቀጥታ ማውንትሌክ ቴራስ እገባ ነበር። ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ሆነ። እናቴ በየቀኑ ስትመጣ ስለ እሳቸው ታወራለች፣ እኔ ደግሞ ሳህን አጥባለሁ። በልቤ ውስጥ «አንተ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው። በዘጠነኛው ቀን እናቴ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ «አባባ ትምጣ እያሉ ነው» አለች። «ትልቁ ሥዕል ደርቋል። ነጥቡ ብቻ ነው የቀረው።»

«ራሳቸው ይንጠቡት!»

«ምግብ አልበላም እያሉኝ ነው እኮ።»

«ተማሪ የለኝም አላሉም? አንቺ አልሰማሽም? ለምንድን ነው በኔ የምትቆጪው?»

«በማን ልቆጣ ታዲያ?» አለች። «እሳቸውን እንዳልቆጣ ደንበኛዬ ናቸው። ኦኬ፣ ነገ ሂጂና ራስሽ ተቆጫቸው።»

ሄድኩ። ሥዕሉ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። እስከዚያ ቀን ካየኋቸው ተራሮቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ጉሙ ከግርጌው ተነስቶ እስከ አናቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ሆኖም ተራራው እንደማይናወጥ ያስታውቃል። በየሸንተረሩ ላይ ግን ምንም የለም። መላጣ።

ቀለሙ ተፈጭቶ ጠብቆኛል። በዚያ እጅ እንዴት እንደፈጩት አላውቅም፤ የሸሚዛቸው እጅጌ በሙሉ ጠቁሯል።

ስገባ ተለማምጄው የነበረውን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። «ለምን ቃል ገቡልኝ?» ብቻ ወጣኝ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ሲያወልቁ አላየሁም። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ መምህሬን ወንበር ላይ አቆሙት። የትርምስ ጊዜ ነበር፤ አስተማሪ መሆን ወንጀል የሆነበት። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቁን። እኔን፦ አንተን ማን አስተማረህ? አሉኝ። ማንም አልኩ። ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፣ ከዚህ ሰውዬ ምንም አልወሰድኩም አልኩ።»

ወደ ሥዕሉ በጣታቸው አመለከቱ። «አስተማሪሽ ስለ ሲያትል ጉም ጠየቀችኝ። የሲያትል አይደለም። ጉሙ የመምህሬ ነው። ነጥቡም የሱ ነው። ተራራው ከቤቱ ጀርባ ያለው ነው። ባለፈው ሰዉ ፊት ተቀምጬ ተማሪ አለህ ወይ ስባል፣ ያ ግቢ መጣብኝ። መምህር የለኝም ያለ ሰው ተማሪ አለኝ የሚለው በምን አፉ ነው?»

ቀጠሉ። «አንቺም ፈገግ አልሽ። እሱም ወንበሩ ላይ ሆኖ እንደዚያ ፈገግ ብሎ ነበር።»

ታሪኩ እውነት እንደነበር አልተጠራጠርኩም። ግን ሙሉ አልመሰለኝም። ሃምሳ ሰው ፊት የተዋረድኩት እኔ ነኝና፣ የቀረውንም ማወቅ መብቴ መሰለኝ። በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፦ «ወይስ ነጥቦቹ የርስዎ አይደሉም እንዳይባል ፈርተው ነው?»

ከኩሽናው የእናቴ የሳህን ድምፅ ቆሟል፤ እየሰማች ነው።

«እሱም አለ» አሉ።

ከዚያ ብሩሹን አንስተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። «ጨርሺልኝ» አሉ።

ብሩሹን ተቀበልኩ። ነጥቦቹ የት የት እንደሚያርፉ አይቼ ጨርሻለሁ፤ ክንዴ ራሱ ሊሄድ ነበር። ቀለም አስነካሁት። ወረቀቱ ላይ አቀረብኩት። እንደገና ወደ ድንጋዩ መለስኩትና አስቀመጥኩት።

«ወረቀትዎን ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም» አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወይም ይለምኑኛል። ልክ ነው እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እንግዲያው ማኅተሙን አቀብዪኝ» አሉ። አቀበልኳቸው። ቀዩን ቀለም አስነክተው፣ በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ደግፈው፣ መላጣው ተራራ ሥር መቱት። አለቀ ማለት ነው። ከማኅተም በኋላ ምንም አይጨመርም።

መኪናው ውስጥ ስንገባ እናቴ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ «ሂስና ግለ ሂስ ነዋ!» አለች። «እኛስ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበውን አልነበር? አጋልጡ! ማንን ታጋልጫለሽ? የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን አቁመውት...»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

ቁልፉን አዞረች። «ሁሉም እጁን ሲያወጣ እጄን አወጣሁ።»

ሌላ አልነገረችኝም። አስተማሪው ምን እንደሆነም አልጠየቅኳት። ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን የታየኝ እናቴና እሳቸው አንድ ወገን ሆነው፣ እኔ ብቻዬን ሌላ ወገን መቅረቴ ነው። የኔ የምላት ሰው ለኔ እንድትቆጣልኝ ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን፣ «ምን ነበረበት? ሠላሳ ነጥብ እኮ ነው። ለሽማግሌ» አለች።

በግንቦት ሴት ልጃቸው ኤቨረት ከተማ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው፤ እናቴም ሌላ ደንበኛ ተሰጣት። አልተሰናበትኳቸውም። ጽሑፌን አሥራ አራት ገጽ አድርጌ አስረከብኩ። ስለ መጥረቢያው ምት፣ ስለ ነጩ ጉም በጥንቃቄ ጻፍኩ። ትተውት ስለሚያልፉት ነገር ስደርስ፦ «ሠዓሊው ራሳቸው በሕዝብ ፊት እንደተናገሩት ተማሪ የላቸውም፤ ወረቀታቸውንም ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም» ብዬ አሰፈርኩ። የሰው ቃል ሲጠቀስ ሳይጨመርና ሳይቀነስ መሆን እንዳለበት ተምረናል። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁ።

የመጨረሻው ክፍላችን የተካሄደው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። ትልቁ ሥዕል በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አስተማሪዬ ፊት ለፊቱ አቆመችንና፣ ሠዓሊው በመጨረሻ ሥራቸው የዕድሜ ልክ ልማዳቸውን ጥለው ነጥብን እንደተዉ አስረዳች። ድፍረት ነው አለች። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የማያስፈልገውን ሁሉ ይጥላል አለች። ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ቤታቸው ትመላለሺ ነበር። ነጥቡን ለምን የተዉት ይመስልሻል?»

ሁሉም አዩኝ። እጃቸውን ልናገር እችል ነበር። የግሮሰሪውን ዶሮ፣ የተቀደደውን ወረቀት፣ ሰባቱን ተራሮች፤ የመምህራቸውን ስም ባላውቅም፣ ተራራው ከመምህራቸው ቤት ጀርባ ያለው ነው ልል እችል ነበር። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈጅም።

«አላውቅም» አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። «እኔ ቀለም ብቻ ነበር የምፈጭላቸው።»

አስተማሪዬ አመስግናኝ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈች፤ ክፍሉም ተከተላት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ ናት፣ ውጪ ፓርክ አድርጋ እየጠበቀችኝ። ተራራው ፊት ብቻዬን ቀረሁ። ከላይኛው ሸንተረር ላይ ሦስት፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ከሱ ዝቅ ብሎ አምስት። በቀኝ ገደሉ አፍ ላይ ሁለት። ግርጌው ላይ ጥቅጥቅ ብለው ሃያ የሚሆኑ። ጉሙ ላይ ምንም።